መጥኖ መላክ፦ የመገናኛ መሥመር ልኬት፣ ሒሳብና ገደብ አጭር ታሪክ

መግቢያ

በኖቬምበር ወር 1866 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዊልያም ሴዋርድ፣ ፓሪስ ለሚገኙት የአገራቸው ልዑክ ለጆን ቢግሎ አንድ የምሥጢር ቴሌግራም ላኩ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉዳዩ ከባድ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ በሜክሲኮ ያሰፈሩትን ጦር ስለሚያስወጡበት ሁኔታ የሚናገር መልእክት ነው። መልእክቱ እንዳይነበብ ሲባል በ1803 በተዘጋጀ አሮጌ የምሥጢር መዝገብ ተመሰጠረ። በዚያ መዝገብ መሠረት እያንዳንዱ ቃል ወይም የቃል ክፍል በቁጥር ይተካ ነበር። ቁጥሮቹ ግን በባሕር ውስጥ በተዘረጋው ገመድ ሲተላለፉ አንድ በአንድ በፊደል እየተጻፉ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ አጭር የነበረው መልእክት በመሥመሩ ላይ ብዙ እጥፍ ረዘመ። የቴሌግራፉ ኩባንያ ያቀረበው ሒሳብ 19,540 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ።

በተከታዩ ዓመት አላስካን በ7.2 ሚሊዮን ዶላር የገዙት እኚሁ ሚኒስትር የአንድ ቴሌግራም ዋጋ ይህን ያህል ሊሆን አይችልም በማለት ለመክፈል እምቢ አሉ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። በመጨረሻም በ1871 የአሜሪካ መንግሥት ይህንንና ሌሎች ያልተከፈሉ ቴሌግራሞችን ጨምሮ ከ32,000 ዶላር በላይ ለኩባንያው ከፈለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተበላሸ መሣሪያ የለም። ገመዱ አልተበጠሰም፤ መልእክቱም ፓሪስ ደርሷል። ስሕተቱ መልእክቱ ከመላኩ በፊት በመሥመሩ ላይ ስንት ቃል እንደሚሆን ያሰላ ሰው አለመኖሩ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቴሌግራሙ ወደ ፓኬት፣ የቃሉ ቁጥር ወደ ጊጋባይት ተለውጧል። ይሁን እንጂ በወሩ መጨረሻ ያልጠበቀው ሒሳብ የሚደርሰው የሰርቨር ባለቤት የሚያነሳው ጥያቄ ሴዋርድ ካነሱት ጥያቄ አይለይም። የሚላከውን አስቀድሞ የመለካትና የመገደብ ጥበብ እንዴት እንደዳበረ ማወቅ፣ ዛሬ ይህንኑ ሥራ በእጁ ለያዘ ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርት አለ።

ቃል በዋጋ የተቆጠረበት ዘመን

አትላንቲክን ያቋረጠው የመጀመሪያው ገመድ በ1858 ሲዘረጋ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላኩት መልእክት 98 ቃላት ብቻ ነበሩት። እነዚህን ቃላት ለማስተላለፍ ከግማሽ ቀን በላይ ፈጀ። ያ ገመድ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ተለቆበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተበላሸ። በ1866 የተዘረጋው ግን ጸና። መሥመሩ ጠባብ፣ ፈላጊው ደግሞ ብዙ ስለነበረ የታሪፉ መነሻ እጅግ ከፍተኛ ሆነ፤ ለአንዲት አጭር መልእክት የሚከፈለው ዝቅተኛ ዋጋ 20 ፓውንድ ስተርሊንግ ነበር።

ዋጋው ከፍተኛ የሆነበት ምክንያት ትርፍ መፈለግ ብቻ አልነበረም። አንድ ገመድ በደቂቃ ሊያሳልፍ የሚችለው የቃላት ቁጥር በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ዋጋው ራሱ እንደ በር ጠባቂ ሆኖ ያገለግል ነበር። አስቸኳይ ጉዳይ የሌለው ሰው በደብዳቤ እንዲጽፍ ዋጋው ያስገድደዋል። እዚህ ላይ በቀጣዩ ታሪክ ሁሉ የሚመላለሰው መሠረታዊ ሐሳብ ይታያል፦ ሒሳብና ገደብ የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽታዎች ናቸው። አንደኛው በገንዘብ፣ ሁለተኛው በመሣሪያ የአንድን ጠባብ መንገድ መጨናነቅ ይቆጣጠራሉ።

ነጋዴዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ፈጣን ነበር። አንድ ቃል አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንዲወክል የሚያደርጉ የንግድ የምሥጢር መዝገቦች ታትመው በየንግድ ቤቱ ተሠራጩ። ዓላማቸው ከምሥጢር ይልቅ ቁጠባ ነበር። በ1865 ፓሪስ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ማኅበር፣ ማለትም ኢትዮጵያ በ1932 አባል የሆነችበት የዛሬው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ «አንድ ቃል ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ በየጉባኤው ሲመረምር ኖረ። በ1903 የለንደን ጉባኤ ሊነበቡ የሚችሉ እስከ 10 ፊደል ያላቸው ሰው ሠራሽ ቃላት እንዲፈቀዱ ተወሰነ። ወዲያውም ባለ 5 ፊደል ምልክቶች ያሉት መዝገብ በ1906 ወጣ። ሁለት ምልክቶች ሲጣመሩ አንድ ባለ 10 ፊደል ቃል ስለሚሆኑ፣ ላኪው በአንድ ቃል ዋጋ ሁለት ዐረፍተ ነገር ማስተላለፍ ቻለ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የመለኪያው አሃድ በታወቀ ጊዜ ተጠቃሚው አሠራሩን በዚያው አሃድ ልክ ይቀርጻል። ስለዚህ ሒሳብ እንዳይበዛበት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ነው።

ኪራይ ወይስ ቁጥር

የኮምፒዩተር መረብ ሲወለድ ሁለት የተለያዩ የሒሳብ ሥርዓቶች ጎን ለጎን አደጉ። በ1969 ሥራ የጀመረው አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ የምርምር መረብ በሰከንድ 50,000 ቢት የሚያስተላልፉ መሥመሮችን ከቴሌፎን ኩባንያ በኪራይ ይጠቀም ነበር። ኪራዩ መሥመሩ ቢሠራም ባይሠራም ያው ነው። በመሆኑም ስንት ፓኬት ወጣ፣ ስንት ገባ ብሎ ለክፍያ ሲባል የሚቆጥር አልነበረም። ተመራማሪው የሚያውቀው ገደብ የመሥመሩ ስፋት ብቻ ነበር።

በሌላው ወገን የየአገሩ የፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤቶች የቆየ ልማዳቸውን ተከትለው ሄዱ። በ1976 ኤክስ.25 የተባለው የፓኬት መረብ ደንብ ከጸደቀ በኋላ፣ በዲሴምበር 1978 በፈረንሳይ አገር ትራንስፓክ የተባለው የሕዝብ መረብ ተከፈተ። በዚህ መረብ ላይ ዋጋው የሚታሰበው በርቀት ሳይሆን በተላለፈው መረጃ ብዛት ነበር። በእንደነዚህ ባሉት መረቦች የተለመደው የሒሳብ አሃድ ሴግመንት የሚባል 64 ባይት የሚይዝ ቁራጭ ነው። የቴሌግራሙ ቃል ስሙን ለውጦ ተመለሰ ማለት ይቻላል። እዚህም ጥንቃቄ የጎደለው ሰው ይከስር ነበር፤ አንድ ፊደል ብቻ የያዘ ፓኬት እንደ አንድ ሙሉ ሴግመንት ስለሚቆጠር፣ ተጠቃሚው አንድ ቁልፍ በነካ ቁጥር አንድ ፓኬት የሚልክ ፕሮግራም ባለቤቱን ያለ አግባብ ያስከፍላል።

ሁለቱም ሥርዓቶች የየራሳቸው ጉድለት ነበራቸው። በቁጥር የሚከፈለው ተጠቃሚውን ቆጣቢ ቢያደርገውም አዲስ ነገር ከመሞከር ያስፈራዋል። በኪራይ የሚከፈለው ደግሞ ለሙከራ ነፃነት ይሰጣል፤ ነገር ግን መሥመሩን ለመቆጠብ ምክንያት የሚሆነው ሰው የለም። የዚህ ሁለተኛው ጉድለት ውጤት ብዙ ሳይቆይ ታየ።

የ1986 መጨናነቅ

ጆን ናግል የተባሉት አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1984 ባወጡት ማስታወሻ አንድ አደጋ አስጠንቅቀው ነበር። መረቡ ሲጨናነቅ ፓኬቶች ይዘገያሉ፤ የዘገየው ፓኬት የጠፋ መስሎት ላኪው ደግሞ ይልከዋል፤ ይህም መጨናነቁን ያብሰዋል። በመጨረሻም መረቡ ሙሉ አቅሙን እየሠራ ጠቃሚ ነገር የማያደርስ ይሆናል።

የተፈራው በኦክቶበር 1986 ደረሰ። በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ያህል ብቻ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ላይ የነበረው የማስተላለፍ ፍጥነት በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። አንዱ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ በእግሩ ቢሄድ መረቡን ይቀድም ነበር። ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካረልስ ምክንያቱን መርምረው መፍትሔውን አገኙ፤ ጃኮብሰን በ1988 ባቀረቡት ጽሑፍም ለዓለም ተገለጸ። መፍትሔው በመሥመሩ ላይ አዲስ መሣሪያ መጨመር አልነበረም። እያንዳንዱ ላኪ በቀስታ እንዲጀምር፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን እያየ እንዲጨምር፣ ፓኬት መጥፋቱን ሲያውቅ ደግሞ ፍጥነቱን ወዲያው እንዲቀንስ ማድረግ ነው። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ገደብ ለማበጀት የሚነሣ ሰው ሁሉ የሚደገፍበት መሠረት ነው። ምክንያቱም በመንገድ ላይ የታገደ ፓኬት ላኪውን ጨዋ ሆኖ እንዲዘገይ የሚነግረው ይኸው ሥርዓት ስለሆነ ነው።

በዚያው በ1986 በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጆናታን ተርነር ቀዳዳ ያለው ባልዲ ምሳሌ የሆነበትን የገደብ ስልት አቀረቡ። ውኃው ከላይ በምን ያህል ፍጥነት ቢጨመርም ከታች የሚንጠባጠበው በቀዳዳው ልክ ነው፤ ባልዲው ሲሞላ የተረፈው ይፈስሳል። የዚህ ዘመድ የሆነው ሌላው ስልት ቶክን የሚጠራቀምበት ባልዲ ነው። በተወሰነ ፍጥነት ወደ ባልዲው ቶክን ይገባል፤ ፓኬት ለመውጣት በመጠኑ ልክ ቶክን ይከፍላል፤ ቶክን ከሌለ ይጠብቃል። መሥመሩ ሥራ ፈትቶ በቆየ ጊዜ ቶክን ስለሚጠራቀም አጭርና ድንገተኛ ፍላጎት ሳይዘገይ ያልፋል፤ ረጅም ፍሰት ግን በመጠን ይያዛል። በዛሬው ዘመን በሰርቨሮች ላይ የሚደረገው ገደብ አብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ባልዲዎች የተቀዳ ነው።

ሩቅ አገርና ውድ መሥመር

ልኬትና ገደብ ከጽሑፍ ወጥተው የዕለት ተዕለት ሥራ የሆኑት መሥመር በጣም ውድ በሆነባቸው ሩቅ አገሮች ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ኒውዚላንድ ናት። በ1989 በሃሚልተን ከተማ የሚገኘው የዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት በናሳ ድጋፍ ከሃዋይ ጋር ተገናኘ። የመሥመሩ ፍጥነት በሰከንድ 9,600 ቢት ብቻ ሲሆን፣ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በዚሁ ተጠቀሙ። ወጪውን የሚሸፍን የመንግሥት በጀት ስላልነበረ በመካከላቸው መከፋፈል ግድ ሆነ። ትንሹ ከትልቁ እኩል ይክፈል ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተቋም በወር የሚጠቀመውን የመረጃ ብዛት አስቀድሞ ተናግሮ በዚያው መጠን እንዲከፍል ተስማሙ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት የሚያልፈው መረጃም በረከሰ ዋጋ ይታሰብ ነበር።

ይህ ስምምነት አስተማማኝ መለኪያ ይፈልጋል። የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት ኔቪል ብራውንሊ ኔትራሜት የተባለውን የትራፊክ መለኪያ ፕሮግራም በ1993 አወጡ፤ የልኬቱ አሠራርም በ1997 በኢንተርኔት ደንቦች ተርታ ታተመ። ቁጥሩ ይፋ በሆነ ጊዜ ተቋማቱ ሒሳባቸውን ለመቀነስ መንገድ ፈለጉ። ብዙ ሰዎች የሚፈልጉት ያው ገጽ ደጋግሞ ባሕር ማቋረጥ እንደሌለበት ተገንዝበው፣ አንድ ጊዜ የመጣውን በአገር ውስጥ የሚያኖር የማከማቻ ሰርቨር ተከሉ። ከሁሉም ገደብ የሚሻለው ሳይላክ የሚቀር ፓኬት መሆኑን በዚህ አስመሰከሩ።

በአዲስ አበባም ችግሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 1997 ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ ከመገናኘቷ በፊት፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው ክፍል ከ1993 ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ መልእክት አገልግሎት ይሰጥ ነበር። አሠራሩ መልእክቶችን ሰብስቦ ማቆየትና በቴሌፎን መሥመር በአንድነት መላክ ነው። የውጭ አገር የቴሌፎን ጥሪ በደቂቃ ስለሚታሰብ አንድ መልእክት በመጣ ቁጥር መደወል አይቻልም፤ አጠራቅሞ አንድ ጊዜ መላክ ግን ይቻላል። ተጠቃሚው ጥቂት ሰዓት ይጠብቃል፤ አገልግሎቱም በዚያ ትዕግሥት ይኖራል።

ሦስት የሒሳብ ዓይነቶች

ኢንተርኔት ለንግድ ሲከፈት፣ በተለይም የአሜሪካ የምርምር ዋና መረብ በኤፕሪል 1995 ከተዘጋ በኋላ፣ ሰርቨር ለሚያኖር ሰው የሚቀርበው ሒሳብ በሦስት ዓይነት ተለየ። የመጀመሪያው በመሥመር ስፋት የሚከፈል ቋሚ ኪራይ ነው። ሁለተኛው በወር በተላለፈው የመረጃ ብዛት የሚታሰብ ነው። ሦስተኛው 95ኛው መቶኛ የሚባለው ነው። ገደብ የሚያበጅ ባለሙያ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የትኛው እንደሚመለከተው ካላወቀ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

በ95ኛው መቶኛ ሥርዓት የመሥመሩ ፍጥነት በየ5 ደቂቃው ይመዘገባል። 30 ቀን ባለው ወር 8,640 ልኬቶች ይገኛሉ። ከነዚህ ከፍተኛ የሆኑት 5 በመቶ፣ ማለትም 432 ልኬቶች ይጣላሉ፤ ከቀሩት ውስጥ ትልቁ የወሩ ሒሳብ መሠረት ይሆናል። የተጣሉት ልኬቶች 36 ሰዓት ይሆናሉ። እንግዲህ በወር ከ36 ሰዓት የማይበልጥ ከፍተኛ ፍሰት አያስከፍልም፤ ከዚያ ባለፈ ግን የወሩ ሁሉ ዋጋ በዚያው ከፍታ ይታሰባል።

አንድ ምሳሌ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ሰርቨሩ በየሌሊቱ የመጠባበቂያ ቅጂ ለ2 ሰዓት በሰከንድ 80 ሜጋቢት ይልካል እንበል። በወር 60 ሰዓት ስለሚሆን ከ36ቱ ሰዓት አልፏል፤ ስለዚህ ሒሳቡ በ80 ሜጋቢት ይታሰባል። ያው ቅጂ ፍጥነቱ በ20 ሜጋቢት ቢገደብ 8 ሰዓት ይፈጃል። የተላከው መረጃ አንዲት ባይት አልቀነሰም፤ ሌላው ትራፊክ ተደምሮበት ከዚያ ከፍታ እስካላለፈ ድረስ ግን ሒሳቡ ወደ ሩብ ይወርዳል። በመረጃ ብዛት በሚከፈልበት ሥርዓት ግን ይኸው ገደብ አንዲት ሳንቲም አያተርፍም።

በመረጃ ብዛት ለሚከፍል ሰው የሚያስፈልገው ስሌት ሌላ ነው። የተፈቀደለት በወር 1 ቴራባይት ከሆነና መሥመሩ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ መሥመሩ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ የወሩ ድርሻ በ80,000 ሰከንድ፣ ማለትም በ22 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። የቀሩት 29 ቀናት ሁሉ በትርፍ ክፍያ ናቸው። ድርሻው ለ30 ቀን እንዲዳረስ ከተፈለገ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3.08 ሜጋቢት መብለጥ የለበትም። ገደቡን 3 ሜጋቢት ላይ ያደረገ ሰው በ30 ቀን 972 ጊጋባይት ይልካልና የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ወሩ 31 ቀን ሲሆን ግን 1,004 ጊጋባይት ደርሶ ከወሰኑ ያልፋል። በ2.9 ሜጋቢት ቢያደርገው ከአደጋው ይድናል። ከዚህም ሌላ አከራዩ ቴራባይትን በአሥር ብዜት ወይም በሁለት ብዜት መቁጠሩ ብቻውን 10 በመቶ ያህል ልዩነት ያመጣል። የሚገባው መረጃ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውም ከውሉ መነበብ አለበት።

ልኬቱ በዓይን እንዲታይ ያደረጉት ቶቢያስ ኦይቲከር ናቸው። በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ ዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ ተቋሙ ከውጭ የሚገናኘው በሰከንድ 64,000 ቢት በምታስተላልፍ አንዲት መሥመር ስለነበረ፣ የመሥመሩን ሁኔታ ሁሉም እንዲያየው በ1995 ኤም.አር.ቲ.ጂ. የተባለውን ሠንጠረዥ ሠሪ ፕሮግራም አወጡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አረንጓዴና ሰማያዊ ሥዕሉ የኔትወርክ ባለሙያዎች መለያ ሆነ።

ገደቡ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ

የመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ ሰርቨሮች የተጠየቁትን ሁሉ መሥመሩ በፈቀደው ፍጥነት ይሰጡ ነበር። በ1990ዎቹ ጄፍ ፖስካንዘር የጻፉት ቲ.ኤች.ቲ.ቲ.ፒ.ዲ. የተባለ ትንሽ ሰርቨር ለአንድ ዓይነት ፋይሎች በሰከንድ የሚወጣውን ባይት መገደብ በመቻሉ ታወቀ። ከባድ ሥዕሎች በዝግታ፣ ጽሑፉ ግን በፍጥነት እንዲሄድ ማድረግ ተቻለ ማለት ነው።

ከዚያም ገደቡ ወደ ኮምፒዩተሩ ሥርዓት ልብ ገባ። ሉዊጂ ሪዞ በ1997 ደሚኔት የተባለውን ለፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. ሠሩ። በ1999 መጀመሪያ በወጣው ሊኑክስ 2.2 ውስጥ አሌክሲ ኩዝኔትሶቭ የጻፉት የትራፊክ መቆጣጠሪያ ተካተተ። በ2002 ደግሞ ማርቲን ዴቬራ የሠሩት ኤች.ቲ.ቢ. በሊኑክስ ውስጥ ገባ። ይህኛው የቶክን ባልዲዎችን እንደ ቤተሰብ በተዋረድ ያደራጃል። እያንዳንዱ ክፍል የተረጋገጠለት ድርሻ አለው፤ ወንድሙ ያልተጠቀመበትንም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ መበደር ይችላል። ለምሳሌ ለድረ ገጹ ከፍተኛ ድርሻ፣ ለመጠባበቂያ ቅጂው ትንሽ፣ ለአስተዳዳሪው መግቢያ ደግሞ ማንም የማይነካው ጥቂት ድርሻ ይመደባል። ይህ የመጨረሻው እንዳይረሳ ያስፈልጋል፤ ገደቡን ያበጀው ሰው ራሱ በገደቡ ተዘግቶ ከሰርቨሩ ውጭ የሚቀርበት ጊዜ አለና።

ይህ ሁሉ ዘዴ አንድ የተፈጥሮ ወሰን አለው። ሰርቨር የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን በርግጥ ሊገዛ አይችልም። የሚገባው ፓኬት ደጃፍ ሲደርስ መሥመሩን አቋርጦ፣ በአከራዩም መለኪያ ተቆጥሮ ነው። ፓኬቱን መጣል የሚጠቅመው ላኪው ጃኮብሰን ባስተማሩት ጨዋነት ፍጥነቱን የሚቀንስ ከሆነ ብቻ ነው። ሆን ብሎ የሚያጠቃ ሰው ግን ይህን አይሰማም። በፌብሩዋሪ 2018 ጊትሃብ በተባለው ድርጅት ላይ የተለቀቀው ጎርፍ በሰከንድ 1.35 ቴራቢት ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለው ጎርፍ ከላይ፣ በአገልግሎት ሰጪው መረብ ካልተገታ በሰርቨሩ ደጅ የሚገታው ነገር የለም።

ገደብ ከመሣሪያ ጉዳይነት አልፎ የአስተዳደር ጉዳይ መሆኑን ያሳየው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ሴቲ አት ሆም የተባለ ምርምር ነው። በሜይ 1999 ሲጀመር ከኅዋ የተቀዳ የሬዲዮ ሞገድ በቁራጭ እየተከፈለ በዓለም ዙሪያ ለሚገኙ ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች ይላክ ነበር። አንዱ ቁራጭ 350 ኪሎባይት ያህል ነው። ፈቃደኞቹ ግን ከሚገመተው በላይ በዙ፤ አንድ የምርምር ክፍል ከዩኒቨርሲቲው የወጪ መሥመር ከፍተኛውን ድርሻ ወሰደ። ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎቹንና የመምህራኑን ሥራ ለመጠበቅ በምርምሩ ትራፊክ ላይ ወሰን አደረገ። የምርምሩ ባለሙያዎችም ቆየት ብለው የራሳቸውን ርካሽ መሥመር ለብቻው ተከራዩ። ገደቡ ሥራውን አላጠፋውም፤ ወጪውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ግን በግልጽ እንዲታወቅ አደረገ።

ጠባቡ መሥመር ሲጠፋ

በማርች 2006 አማዞን ኤስ3 የተባለውን የማከማቻ አገልግሎት ሲከፍት ለ1 ጊጋባይት ዝውውር 20 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ሒሳቡ ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን በሰከንድ 100 ሜጋቢት ለ30 ቀን ያለማቋረጥ የሚፈስ መረጃ 32.4 ቴራባይት ይሆናል፤ በዚያ ዋጋ 6,480 ዶላር ማለት ነው። ከዚህ በፊት የነበረው ትንሽ ተቋም ይህን ያህል ሊያወጣ አይችልም ነበር፤ መሥመሩ ጠባብ ስለሆነ ከአቅሙ በላይ ሳያሳልፍ ይጨናነቃል። ተጠቃሚው ያማርራል እንጂ ባለቤቱ አይከስርም። የደመና አገልግሎት የተባለው አዲስ አሠራር ይህን የተፈጥሮ ወሰን አነሣው። መሥመሩ የማያልቅ መስሎ በታየ ጊዜ፣ ቀድሞ ገመዱ ራሱ ይሠራው የነበረው የጠባቂነት ሥራ ወደ ባለሙያው እጅ ተላለፈ።

ለዚህ ነው ገደብ በምን ዓይነት ሁኔታ መደረግ እንዳለበት መመርመር የሚያስፈልገው። ድርሻው ሲያልቅ አገልግሎቱን ፈጽሞ የሚዘጋ ገደብ ኪስን ያድናል፤ ነገር ግን በወሩ 25ኛ ቀን የሚመጣውን ሰው፣ ምናልባትም ውጤቱን የሚያይ ተማሪ ወይም ቀጠሮውን የሚፈልግ በሽተኛ የሆነውን፣ በሩ ላይ ያስቀረዋል። ሁሉንም እኩል የሚያዘገይ ገደብም አስፈላጊውንና አላስፈላጊውን አይለይም። ከታሪኩ እንደሚታየው የተሻለው መንገድ በደረጃ የሚሄደው ነው። በመጀመሪያ የሚቆጠረውን አሃድ ከውሉ ማወቅ፤ ቀጥሎ በራስ መለኪያ መለካትና ከአከራዩ ቁጥር ጋር ማመሳከር፤ ከዚያ መላክ የሌለበትን በማከማቸትና በመጭመቅ ማስቀረት፤ ከዚህም በኋላ መዘግየት የማይጎዳውን ሥራ በባልዲ መገደብ፤ ድርሻው ከግማሽ ሲያልፍ ለሚመለከተው ሰው ማስታወቅ፤ በመጨረሻ ብቻ መዝጋት ነው። የሚዘጋበትንም ነጥብ የሚወስነው መሐንዲሱ ብቻውን ሊሆን አይገባም። የሚከፍለውና የሚገለገለው ወገን አስቀድሞ ሊያውቀውና ሊስማማበት ይገባል።

ማጠቃለያ

ሴዋርድ ሒሳቡ ከደረሳቸው በኋላ ያነሡት ክርክር አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቶ በክፍያ አለቀ። ቴሌግራሙ ከመላኩ በፊት አንድ ጸሐፊ ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ቃላቱን ቢቆጥር ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቆየው ታሪክ ውስጥ የተሠሩት መዝገቦች፣ ባልዲዎችና ሠንጠረዦች ሁሉ የዚያን የጎደለ ጸሐፊ ቦታ ለመሙላት የተሠሩ ናቸው ለማለት ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ መሥመር ሲሰፋና ዋጋ ሲረክስ ይህ ሥራ የማያስፈልግ ሊመስል ቢችልም፣ ባለ ሰፊ መሥመር ሰርቨር በአንድ ሌሊት ሊያስከፍል የሚችለው ጠባቡ ገመድ በዓመት ከሚያስከፍለው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሰርቨር ተክሎ ሥራ የሚያስጀምር ባለሙያ መሥመሩ መሥራቱን እንደሚፈትን ሁሉ፣ ገደቡም መሥራቱን በዚያው ቀን ፈትኖ ሊያረጋግጥ ይገባዋል።